ገበያው ሲቀዘቅዝ ጎንደር ላይ ቤት መሸጥ፦ ሳትታመሙ የምትጨርሱበት መንገድ

የአባታችንን ቤት ለመሸጥ 14 ወር ፈጀብን። ኅዳር ላይ ጀመርን፣ በዓመቱ ጥር ላይ ፈረምን። በዚህ መሃል ታላቅ ወንድሜን ደም ግፊት ያዘው። እህቴ ለሁለት ወር ስልኬን አላነሳችም። እኔ ደግሞ ማታ ስልክ በጠራ ቁጥር ደላላ እየመሰለኝ እባንን ነበር። ቤቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ማራኪ ክፍለ ከተማ፣ ሙሉ ግቢ፣ ብሎኬት፣ ከኋላው ሦስት ክፍል ሰርቪስ ያለው ነው። ገበያው ሞቶ ነበር፣ እሱ ልክ ነው። ከገበያው የባሰው ግን እኛ ምንም ሳንዘጋጅ በሩን መክፈታችን ነው።

ይሄን የምጽፈው አሁን ለመሸጥ ላሰባችሁ፣ በተለይ እንደኛ ከእናትና ከወንድም ከእህት ጋር ለምትሸጡ ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉት። እኛ ከአምስተኛው ጀምረን ወደ አንደኛው ስንመለስ ነው ዓመቱ ያለቀው።

1. ከደላላ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ

ቁጭ በሉና አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ብሩ የት ነው የሚሄደው? ለውርስ ክፍፍል ነው? ባሕር ዳር ወይ አዲስ አበባ ሌላ ቤት ልትገዙ ነው? ሕክምና ነው? ዕዳ ነው? «ዝም ብሎ ይሸጥና እናያለን» ከሆነ መልሱ፣ እኔን ብትሰሙኝ በቀዘቀዘ ገበያ አትሽጡ። ባንክ የተቀመጠ ብር በየወሩ ይሟሟል፣ ቤት ግን ቢያንስ ኪራይ ያመጣል።

መልሱ ካላችሁ ሦስት ነገር ጻፉ። የምትጠሩት ዋጋ። ከዚህ በታች ሞቼ እገኛለሁ የምትሉት ዋጋ። እና አንድ ቀን፤ እስከዚህ ቀን ካልተሸጠ ዋጋውን አወርዳለሁ ወይም አከራየዋለሁ የምትሉበት ቀን። ድርሻ ያለው ሰው ሁሉ ይፈርምበት። እኛ ቤት ወንድሜ በልቡ አንድ ዋጋ ነበረው፣ እህቴ ሌላ፣ እናታችን ደግሞ «አባታችሁ በላቡ የሠራውን» እያለች ከሁለቱም በላይ የሆነ ዋጋ። ይሄን ያወቅነው ገዢ ሳሎን ተቀምጦ ቡና እየጠጣ ነው። ገዢው ሁላችንንም አየት አየት አድርጎ ሁለተኛ አልመጣም።

ገበያው ለምን እንደቀዘቀዘ መረዳትም ይጠቅማል፣ ቢያንስ ቤታችሁን መጥላት ታቆማላችሁ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ያለው የጸጥታ ሁኔታ ሰው እጁን እንዲሰበስብ አድርጎታል። መንገድ ሲዘጋ ከሌላ ከተማ ገዢ አይመጣም። በዚያው ነሐሴ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ አወጣ። ገደቡ በኋላ ቢላላም በብድር የሚገዛው ሰው ያኔ ነው የሳሳው። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀና ብረቱም ሴራሚኩም ዋጋው ወጣ። ሻጩ «ይሄን ቤት ዛሬ ልሥራው ብል ስንት ይፈጅብኛል?» ብሎ ያሰላል። ገዢው ኪሱ ውስጥ ያለውን ነው የሚቆጥረው። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ግን አይገናኙም።

2. ሰነዱን አሁን፣ ገዢ ሳይመጣ

እዚህ ላይ ዝርዝር ውስጥ እገባለሁ፣ ምክንያቱም አንድ ጥሩ ገዢ ያጣነው በዚህ ነው።

ካርታው በማን ስም ነው? በሟች ስም ከሆነ መጀመሪያ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ የወራሽነት ማስረጃ ታወጣላችሁ። በትዳር ውስጥ የተፈራ ቤት ከሆነ ግማሹ የእናታችሁ ነው፣ ለውርስ የሚከፈለው የቀረው ነው። ይሄን ሳታጣሩ ስለ ድርሻ ማውራት ጠብ መጥራት ነው። ሻጩ ባለትዳር ከሆነና ቤቱ የጋራ ከሆነ ደግሞ የሌላው ወገን ፊርማ የግድ ነው። ያላገባ ወይም የፈታ ሰው የዚያን ማስረጃ ይዞ ይምጣ።

ውጭ አገር ያለ ወራሽ ካለ ውክልናውን ዛሬ ጀምሩ። በስልክ «እናንተ ጨርሱት፣ እኔ ተስማምቻለሁ» ማለት ምንም አይሠራም። ጠቅላላ ውክልናም አይበቃም። ወረቀቱ ላይ ቤቱን ለመሸጥ ሥልጣን መስጠቱ በግልጽ መጻፍ አለበት። እሱም ወራሹ ባለበት አገር በሚገኝ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተረጋግጦ፣ እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አልፎ ነው ሥራ ላይ የሚውለው። የእኛ የአጎት ልጅ አንድ ቃል የጎደለችው ውክልና ልኮ፣ እሷን ለማስተካከል ሁለት ወር ተኩል ጠበቅን።

ከዚያ የግብር ደረሰኞች። የቤትና የቦታ ግብር ውዝፍ ካለ ክፈሉት፣ ገዢ ፊት ሲወጣ ያሳፍራል። ቤቱ ባንክ ተይዞ እንደሆነ፣ የፍርድ ቤት እግድ እንዳለበት አጣሩ። አንዳንዱ ሰው ከሃያ ዓመት በፊት ለዘመዱ ዋስ የሆነበትን ረስቶት ቁጭ ብሏል። ካርታው ላይ ያለው ካሬና መሬት ላይ ያለው አጥር መግጠማቸውንም እዩ። ጎንደር ውስጥ የቀሃን ወይ የአንገረብን ወንዝ ተጠግቶ የተሠራ ሰፈር ከሆነ፣ አጥር ቀስ እያለ «የሚራመድ» ነገር አለ። ጎረቤት ሳይሰማ እናንተ ቀድማችሁ ለኩት።

አንድ ብዙ ሻጭ የማያስበው ነገር ልጨምር። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ የምትሸጡት ቤቱንና የመጠቀም መብቱን ነው። በ2004 በወጣው የሊዝ አዋጅ መሠረት ነባር ይዞታ፣ ማለትም ያለ ሊዝ የተያዘ የድሮ ቦታ፣ ከውርስ ውጭ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል፤ ቦታው ለመንግሥት የሚከፈልበት ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ የነቃ ገዢ የሊዙን ክፍያ ከምትጠሩት ዋጋ ላይ ቀንሶ ነው የሚያስበው። «ለምን ዋጋ ሰበረብን?» ብላችሁ ከመናደዳችሁ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ የእናንተ ቦታ ላይ ምን እንደሚመጣበት ጠይቁ። ለንግድ የተከራየ ቤትና የምትኖሩበት ቤት ደግሞ ግብራቸው አንድ አይደለም። ገቢዎችም ሂዱ።

3. ዋጋ፦ የተጠራው ሌላ፣ የተፈረመው ሌላ

ፒያሳ ቡና ላይ ቁጭ ብላችሁ የምትሰሙት ዋጋ ሁሉ የተጠራ ነው። «የእገሌ ቤት ይሄን ያህል ተባለ» ይባላል። ተባለ እንጂ ተሸጠ አይደለም። እናንተ የምትፈልጉት ባለፉት ስድስት ወራት የተፈረመበትን ነው። እሱን የሚያውቀው የሸጠው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የሸጠ ዘመድ፣ የሸጠ የዕድር አባል፣ የሸጠ የሥራ ባልደረባ ፈልጉና በእውነት ንገረኝ በሉት። ሰው ሸጦ ከጨረሰ በኋላ እውነቱን ይናገራል፣ ተገላግሎታል።

ሁለተኛው ዘዴ ትንሽ ተንኮል አለበት። ጓደኛችሁን ገዢ አድርጋችሁ የእናንተን የሚመስሉ ሦስት ቤቶች እንዲያይ ላኩት። ስንት እንደሚጠሩ፣ ስንት ጊዜ እንደቆዩ፣ «የመጨረሻ ስንት?» ሲባሉ በአንዴ ስንት እንደሚወርዱ ይንገራችሁ። እኛ ይሄን ያደረግነው በስምንተኛው ወር ነው። አዘዞ መንገድ ላይ ያለ፣ ከእኛ የተሻለ ቤት፣ እኛ ከምንጠራው በታች ለሽያጭ ቀርቦ አንድ ዓመት ተቀምጦ አገኘን። ወንድሜ ያን ቀን ማታ ነው «እንግዲህ እናውርድ» ያለው። እኔ ስምንት ወር ስለፈልፍ ያልሰማኝ ሰው!

4. ቤቱን ለማየት ማዘጋጀት

ብዙ ብር አታፍስሱ። ሊሾውን አንሥታችሁ ሴራሚክ ብታደርጉት ያወጣችሁትን አይመልስላችሁም፣ ገዢው ቀለሙን እንኳን አይወደውም። ገንዘባችሁን ሁለት ነገር ላይ አውሉት፣ ጣሪያና ውሃ።

የጎንደርን ውሃ ታውቁታላችሁ። እዚህ ከተማ ገዢ ግቢ ሲገባ ቀና ብሎ የሚያየው ሮቶውን ነው። ስንት ሊትር ነው? ስንት ቀን ያስኬዳል? ቧንቧው በፈረቃ በስንት ቀን ይመጣል? ባልየው ግድግዳውን ይመታል፣ ወለሉን ይረግጣል፣ ሚስትየው ግን ቀጥ ብላ ማዕድ ቤት ገብታ ቧንቧ ትከፍታለች። ቤቱን የሚገዛው ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ታውቃላችሁ። እኛ የሚያፈስ አሮጌ በርሜል አንሥተን ሮቶ ሰቀልን። ከዚያ በኋላ የመጡት ሰዎች የሚቆዩበት ደቂቃ ራሱ ጨመረ።

ጣሪያው ቢያፈስ ኮርኒሱ ላይ ቡኒ ክብ ይወጣል። በቀለም አትሸፍኑት። ቆርቆሮውን ጠግኑ፣ አሸንዳውን ጥረጉ፣ ከዚያ ቀለም ቀቡ። ክረምት ላይ የሸፈናችሁት ሁሉ ይወጣል፣ የተያዘ ውሸት ደግሞ ከሚያፈስ ጣሪያ በላይ ዋጋ ያወርዳል። ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ አሳዩ፣ ብርሃን ይገባል። ባዶ ቤት ከሆነ ከቀጠሮው በፊት ሄዳችሁ መስኮት ክፈቱና ቡና አፍሉ። ግፋ ሲል ለራሳችሁ ትጠጡታላችሁ።

5. ደላላ

ያለ ደላላ መሸጥ ይቻላል፣ ግን በቀዘቀዘ ገበያ ገዢውን የሚያውቀው እሱ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ያዙ፣ ከዚያ በላይ አይሁን። አሥር ደላላ ጋር ያለ ቤት «የተረገመ ቤት» ይባላል፣ ሁሉም ሰው አይቶት ስለሚያልፍ።

ኮሚሽኑን በጽሑፍ አድርጉ። 2 በመቶ የተለመደ ነው፣ ግን ከማን፣ መቼ እንደሚከፈል ይጻፍ። መቼ ማለት ስም ሲዛወር ማለት ነው፣ ቀብድ ሲሰጥ አይደለም። ቁርጥ ዋጋችሁን ለደላላ አትንገሩ። ከነገራችሁት ያ ዋጋ በማግስቱ መነሻ ይሆናል። የካርታውን ኮፒ በየስልኩ አትላኩ። የግድ ካስፈለገ በላዩ ላይ በትልቁ «ለማሳያ ብቻ» ብላችሁ ጻፉበት። ዋናው ካርታ ከእጃችሁ አይውጣ።

እኛን ያደከመን አንድ ደላላ ነበር። በሳምንት ሁለት ሰው ያመጣል፣ ሁሉም ቤቱን ያጣጥላሉ፣ ሁሉም የሚሰጡት ዋጋ አንድ ዓይነት ነው። በኋላ እንደገባን ሰዎቹ ገዢ አልነበሩም፣ እኛን ለማለዘብ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ የእውነት ገዢ ስለ ሰነድ ይጠይቃል። ካርታ ሳይጠይቅ ዋጋ ብቻ የሚሰብር ሰው ጊዜያችሁን ነው የሚገዛው።

6. ዝምታው

ይሄ ነው የሚያመው። ማንም የማይደውልበት ወር ይመጣል። ከሰው ጋር ስትገናኙ «ቤቱስ?» ይላል። ለቅሶ ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ «እስካሁን አልሸጣችሁም እንዴ?» እናታችን ለቁስቋም ዣንጥላ ተሳለች። ወንድሜ ቤቱን በገዛ አፉ መስደብ ጀመረ። አባቴ የተከለው ጌሾ ሥር ተቀምጦ «ይሄ የማይረባ ቤት» ሲል የሰማሁ ቀን ከሁሉም ቀን የከፋው እሱ ነበር።

ዘግይቶም ቢሆን የጠቀመን ይሄ ነው። ስልክ የሚያነሳ አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ደላላ እህትን በአንድ ዋጋ፣ ወንድምን በሌላ ዋጋ ሲያወራ ቤተሰብ ይፈርሳል። እኛ ቤት ያ ሰው እኔ ሆንኩ፣ ስልኬንም ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ዘጋሁ። በምሽት ደውሎ የገዛ ሰው እስካሁን አላየሁም። ስለ ቤቱ የምናወራበትንም ቀን ወሰንን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሰዓት ብቻ። ሌላ ቀን ያነሳ ሰው ቡና ያፈላል። እናታችን በደስታ ሁለት ጊዜ ተቀጣች።

ያልመጣ ብር አትብሉ። እህቴ በድርሻዋ ተማምና ዕቃ በዱቤ ወስዳ ነበር፣ የተኮራረፍነውም በዚያ ነው። የግድ መሸጥ ያለበት ሰው ፊቱ ላይ ያስታውቃል፣ ገዢም ያነባል።

ወቅቱንም እወቁት። ጎንደር ላይ ገዢ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይመጣም። ከኅዳር ጀምሮ የመተማና የሑመራ ሰሊጥ ሲሸጥ ብር ወደ ከተማው ይገባል። ጥር ላይ ለጥምቀት ከውጭም ከአዲስ አበባም ሰው ይመጣል፣ ሠርጉም ያኔ ነው። ክረምት ጭቃ ነው። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ዝም ቢሉ ቤታችሁ ስለተጠላ አይደለም። እነዚያን ወራት ለሰነድና ለጣሪያ አውሏቸው። ቤቱን ባዶ አታስቀምጡት። ሰርቪሶቹን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአጭር ውል አከራዩ፣ ሲሸጥ እንደሚለቁ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ንገሯቸው። ሰው የሌለበት ቤት ቶሎ ይሞታል።

7. የመጀመሪያው ዋጋ ሲመጣ

መጀመሪያ የሚሰጣችሁ ዋጋ ያናድዳል። አትመልሱ። «እንመካከርና እንደውላለን» በሉና ሁለት ቀን ቆዩ። ከዚያ ወደዚያች ወረቀት ተመለሱና አስሉ።

ለምሳሌ 6 ሚሊዮን ብር ጠርታችሁ 5 ሚሊዮን ከ200 ሺህ ተሰጣችሁ እንበል። ልዩነቱ 800 ሺህ ነው። ባንክ በ7 በመቶ ወለድ ብታስቀምጡት 5 ሚሊዮን ከ200 ሺው በዓመት 364 ሺህ ያመጣል። የጥበቃ፣ የግብር፣ የጥገና ወጪ ጨምሩበት፣ የምታገኙትን ኪራይ ቀንሱ። የልዩነቱን ግማሽ ያህል መጠበቁ ራሱ በአንድ ዓመት ሊበላው ይችላል ማለት ነው። ብሩ ሌላ ቤት ሊገዛ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይለያል። የምትገዙትም በዚሁ በቀዘቀዘ ገበያ ነው፣ እዚህ የወረዳችሁትን እዚያ ታስወርዳላችሁ። ለዚህ ነው ብሩ የት እንደሚሄድ አስቀድማችሁ እወቁ ያልኩት።

ከዋጋ ሌላ የምትሰጡት ነገርም አለ። ስም ሲዛወር የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ አለ፣ የተለመደው ገዢው እንዲከፍል ነው። ዋጋ ከማውረድ እሱን መካፈል አንዳንዴ ይረክሳል፣ ገዢውም ደስ ይለዋል።

8. ቀብድ፣ ውል፣ ብር

ቀብድ ቀልድ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለ ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ድርሻ ያለው ሁሉ ሳይስማማ አንድ ብር አትቀበሉ። ቀሪው የሚከፈልበት ቀን ይጻፍ። «ዕቁብ ሲደርሰኝ» የሚባል ቀን የለም።

ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ፊት ይፈረማል። ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ለፍቅር ጥሩ ነው፣ ቤት ግን አያዛውርም። ግብር ለመቀነስ ዝቅ ያለ ዋጋ እንጻፍ የሚላችሁ ይመጣል። ነገሩ ቢበላሽና ፍርድ ቤት ብትቆሙ ዳኛው የሚያየው የተጻፈውን ነው። አትጻፉ።

ብሩን በሲፒኦ (ባንክ በሚያረጋግጠው የክፍያ ማዘዣ) ወይም ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ተቀበሉ። ሲፒኦ ከሆነ ያወጣው ባንክ ቅርንጫፍ ራሳችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ። ስልክ ላይ የገባ የባንክ መልእክት ብር አይደለም፣ ሒሳባችሁን እዩ። ጥሬ ብር በሻንጣ አልቀበልም ማለት ነውር የለውም።

9. ርክክብ

የመጨረሻውን የመብራትና የውሃ ክፍያ ከፍላችሁ ደረሰኙን አስረክቡ፣ የቆጣሪውን ንባብ በስልክ ፎቶ አንሡ። ከቤቱ ጋር የሚቀረውን በውሉ ላይ ጻፉ፤ የመጋረጃ ዘንግ፣ የበር መብራት፣ ምጣድ፣ ሁሉንም። እኛ አልጻፍንም። ቁልፍ ስናስረክብ ወንድሜ ሮቶውን የሚያወርድ ሠራተኛ ይዞ መጣ። የገዢው ሚስት በሩ ላይ ቆማ «ወንድሜ፣ እኔ የገዛሁት እሱን አይቼ ነው» አለችው። እናታችን ከታክሲው ሳትወርድ በመስኮት ጠራችው። ሮቶው ቀረ።